የዐይን ደረሰኝ

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ለግራ ዐይናቸው ደረሰኝ የተጠየቁት ገና ቁርስ ሳይቀምሱ ነው። ጠያቂው ታናሽ ወንድማቸው ባምላኩ ነበር። ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። ብርቱካን በዚህ ጥቅምት እንደ መድኃኒት ተወዶ የሰነበተ ነገር ነው፤ ይህን ይዞ በጠዋት የሚመጣ ዘመድ ደግሞ ለጥየቃ ብቻ አይመጣም። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ቀና ብሎ የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ ሆዱ የተነፋውን ኮርኒስ አየና «ይሄን ነገር አታሠሪውም እንዴ?» አለ። በምን ያሠሩታል የሚለውን አልጨመረም። እህቱም ቀና ብለው አዩት። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ አንዱ ክፍል በመጋረጃ ተከፍሎ ወዲህ ሳሎን ወዲያ መኝታ ይባላል። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከቀዶ ጥገናው በፊት ኮርኒሱ ነጭ፣ መጋረጃውም ያልነተበ መስሏቸው ይኖሩ ነበር። ዐይን ሲበራ የመጀመሪያው ወጪ የሚታይ ነገር መብዛቱ ነው።

ሞራው የተገፈፈላቸው ቤቴል ከሚገኝ ክሊኒክ ነው፤ ስድስት ወር አልሞላውም። ስልሳ ሺህ ብሩን የከፈለው ባምላኩ ነበር፤ እሱ መክፈሉንም የማያውቅ ዘመድ የለም፣ ጎጃም ያሉት ሳይቀሩ ሰምተዋል። ባምላኩ አየር ጤና ላይ ባኞና የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል፤ ዓለም ባንክ ጋ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርቷል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን አይሰጥም ነበር፣ ታሪኩም እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ችግሩ ደግ መሆኑ ነው፤ ደግነቱ ደግሞ እንደ ሱቁ ዕቃ ዋጋ የተለጠፈበት ነው። የግብር ማሳወቂያው ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሂሳብ ሠራተኛው ሉሲ ወጪዎቹን ስትደምር የእህቱን ዐይን አስታወሰና ይሄስ አይቀነስም ወይ ብሎ ጠየቃት። ሉሲም ችግረኛ መሆናቸውን የሚመሰክር ደብዳቤ ከእድራቸው ካመጣህ ይሞከራል አለችው። ይህች «ይሞከራል» የምትባል ቃል በሂሳብ ሠራተኞች ዘንድ ከሆነ በእኔ ጥበብ፣ ካልሆነ በአንተ ጥፋት ማለት ናት። ባምላኩ ግን የሰማው ይቀነሳል የሚለውን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለእህቱ አስረዳ። ሲያስረዳ ብርቱካን እየላጠላቸው ነበር።

«ማን ነው ችግረኛው?» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ።

«በወረቀት ነው እኮ እትዬ።»

«በወረቀትስ ማን ነው?»

ባምላኩ የብርቱካኑን ልጣጭ በጥንቃቄ በፌስታሉ ላይ ደረደረ። ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አይወቅ የሚለውን ባምላኩ በየዓመቱ ከዐውደ ምሕረት ላይ ይሰማል፤ አንገቱንም በአዎንታ ይነቀንቃል፤ ነገር ግን የባምላኩ ግራ እጅ ካልኩሌተር የያዘ እጅ ነው፣ እንዴት ሳያውቅ ይቀራል? መንግሥትም ቢሆን ያው ነው። ዐይኗ የጠፋ ሴት በገዛ ሰፈሯ ግድግዳ እየዳበሰች ስትሄድ ማንም መዝግቦ አያውቅም፤ ዐይኗ የበራ ዕለት ግን ማን አበራት፣ በስንት አበራት፣ በማን ስም አበራት የሚል ይመጣል።

ወይዘሮ ወለተጻድቅን የጨነቃቸው ስሙ ብቻ አልነበረም። ከማርያም ሥዕል ሥር ሚስማር ላይ አንድ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ የእድሩ መጋዘን ቁልፍ ነው። ድንኳኑ፣ ትልልቆቹ ድስቶች፣ አግዳሚዎቹ፣ በብረት ሣጥን የተቀመጠው ማኅተም ሳይቀር በዚያ ቁልፍ ሥር ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቁልፉን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ለቅሶ የደረሰበት ሰው በሌሊትም ቢሆን መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው፤ ሠርግ የደገሰ ሰው ሰላምታውን የሚያረዝመው ለእሳቸው ነው። ዐይናቸው በደከመበት ዘመን እንኳ ድስቶቹን በእጃቸው ዳብሰው የጎደለውን ክዳን ይናገሩ ነበር። የእድሩ ደንብ ግን እንዲህ ይላል፦ ችግረኛ ተብሎ የተመሰከረለት አባል ከመዋጮ ነፃ ይሆናል፤ የማኅበሩን ንብረት ግን አይዝም። ይህን አንቀጽ ያረቀቀው ሰውዬ ሞቷል፤ በሕይወት ቢኖር የሚጠየቅ ሰው ነበር። በዚህ አገር ድስት ሰርቆ የተያዘ ድሃ ስንት ነው? መጋዘን ከነግድግዳው የወሰደውስ ድሃ ነበር?

ሆኖም ለዐይን የከፈለን ሰው እንቢ ማለት አይቻልም። ይህን ባምላኩ አልተናገረውም፣ መናገርም አላስፈለገውም። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ማኅተሙ ያለ ቁልፍ አይወጣምና ቁልፉን ከሚስማሩ አወረዱ፣ ብርቱካኑን ሳይቀምሱ ወጡ።

የባምላኩ ቪትዝ መኪና ውስጥ ገብተው መንገድ እንደጀመሩ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ማንበብ ያዙ። ይህ ፋሻው ከተፈታላቸው ጀምሮ የያዛቸው ልማድ ነው፤ ዐይናቸው ያረፈበትን ጽሑፍ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ዓመታት በጭጋግ የኖረ ሰው ፊደል ሲያገኝ እንደተራበ ሰው ነው፣ አይመርጥም። «ክፍል ይከራያል፣ ላጤ አይቻልም» አሉ። «ንጹሕ የማር ጠጅ አለ።» «እዚህ ቦታ መሽናት ያስቀጣል።» ከፊታቸው የቆመውን የአይሱዙ ጭቃ መከላከያ አይተው «ምቀኛ አያሳጣኝ» አሉ። ባምላኩ ከስልኩ ጋር ጉዳይ ይዞ ነበርና ተማረረ።

«እትዬ፣ በልብሽ አንብቢው እስቲ።»

«በልቤማ ስንት ዓመት ኖርኩ» አሉና ቀጠሉ፤ «ጎማ ይነፋል።»

ጎማ የሚነፋው ማኑሄ ነው። ጎሚስታ ነው፣ የእድሩም ሊቀመንበር ነው፤ መጋዘኑ ከጎማ መጠገኛው ጀርባ ስለሆነ ሁለቱን ሥራ በአንድ ቱታ ይሠራል። በልጅነቱ ከቦንጋ መጥቶ እዚሁ አድጎ እዚሁ ወልዷል። የባምላኩን ጥያቄ ሲሰማ መጀመሪያ የሳቀ መሰለ፤ ቀጥሎ ወይዘሮ ወለተጻድቅን አየና እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፣ ጠርጎ ጠርጎ አልጨርስ አለ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ችግረኛ ከሆኑ እኔ ምን ልባል ነው አለ። ባምላኩ ለወረቀት ያህል መሆኑን፣ ማንም እንደማያየው፣ ሉሲም እንዳረጋገጠች ነገረው። ማኑሄ ቢያመነታም ባምላኩ ለእድሩ ድንኳን ማሠሪያ ትልቁን ብር የሰጠ ሰው ነው፤ ትልቅ ብር የሰጠ ሰው ፊት ደግሞ ሊቀመንበር ረጅም ጊዜ አያመነታም።

የመጋዘኑን በር የከፈቱት ወይዘሮ ወለተጻድቅ ራሳቸው ናቸው። ሰው የራሱን መቃብር ቆፍሮ ሲወጣ እንደሚያደርገው እጃቸውን አራገፉና ማኅተሙን ከሣጥኑ አውጥተው ለማኑሄ ሰጡት። ማኑሄ ችግረኛ መሆናቸውን በእጁ ጽሑፍ ጻፈ፣ አንዱን ቅጂ ለእድሩ ፋይል አስቀረ፣ ሁለቱንም መታ። ከጎን ሱቅ በርበሬ የምትሸጠው አጸደ በዚህ ሰዓት በሩ ላይ ደርሳ ነበር። አጸደ ያንን ቁልፍ ከፈለገችው ቆይታለች፤ ቁልፉን የያዘ ሰው ለሠርግ ድስት ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ይወስናል፣ ድስት የወሰደ ሰው ደግሞ በርበሬ ከየት ይግዛ? «ለደኅና ነው እትዬ ወለተጻድቅ?» አለች። ደኅና ነው አሏት። ወረቀቱን ግን አይታለች፤ የእሷ ዐይን ቀዶ ጥገና አስፈልጎት አያውቅም።

«እሁድ ስብሰባ አለን» አለ ማኑሄ አንገቱን ደፍቶ። «ደንቡን ያውቁታል፤ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ እስካለ ድረስ ቁልፉን…»

«አውቃለሁ» አሉ፤ ቆልፈው ወጡ።

የግብር መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ በሰው ተሞልቶ ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ነጋዴ ሁሉ ድሃ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በኪሳራ የሠራ ሕዝብ አዲስ ጫማ አድርጎ ይሰለፋል። ተራ ይዞ ለሚጠብቅ ሰው ወንበር ያልተፈቀደለት ይመስል ግማሾቹ ወንበሮች የተሰበሩ ናቸው፤ ሻይ የምታዞረው ልጅ አንዱን ብርጭቆ በሃያ አምስት ብር ትሸጣለች፣ ደረሰኝ ጠያቂም የለባትም። ሉሲ እሄዳለሁ ብላ ነበር፤ መንገድ ላይ ደውላ ሌላ ደንበኛ ይዞኛል፣ ሞክሩት አለች። ባምላኩ እህቱን በክንዳቸው ደግፎ ወሰዳቸው። ያለወትሮው ነው፤ ደረጃውን ሲወጡ እንኳ ቀስ በይ እያለ ሰው እንዲሰማ ይመክራቸው ነበር። ወይዘሮ ወለተጻድቅ በሁለት እግራቸው ደኅና የሚራመዱ ሴት ናቸው፤ ነገር ግን ማስረጃ ሆኖ የቀረበ ሰው እንደ ማስረጃ መያዙ አይቀርም።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ሠራተኛ ብርቅዬ የምትባል፣ ስሟን በደረቷ የለጠፈች፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልበላች ወጣት ነበረች። ባምላኩ ደብዳቤውን አቀረበ፣ ከዚያ እህቱን አቀረበ፣ ከዚያ በእጁ ወደ ግራ ዐይናቸው አመለከተ። ይህቺን ያስበራሁት እኔ ነኝ አለ። ከኋላ የተሰለፉት አንገታቸውን አስግገው ዐይኑን አዩት። አንዱ በጣም ጥሩ ሠርተውታል አለ፤ ሌላው የት እንደተሠራ ጠየቀ። ብርቅዬ ደብዳቤውን አንብባ ሳትጨርስ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከእሷ ጀርባ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«የርዳታ ወጪ በተቀናሽነት የሚያዘው ሕጋዊ ፈቃድ ላለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በደረሰኝ ሲሰጥ፣ ወይም ለመንግሥት የአደጋ ጊዜ ጥሪ ሲሆን ነው። ለግለሰብ የተሰጠ አይቀነስም።»

«ማዘር አነበቡልኝ» አለች ብርቅዬና ደብዳቤውን መለሰች።

ባምላኩ ተቆጣ። የተቆጣው በመጀመሪያ በሕጉ ነው፤ ቀስ በቀስ ግን ንዴቱ ወደ እህቱ ዐይን ዞረ፣ ያን ያህል ርቀት ያነባል ብሎ አላሰበም ነበር። ሰው ግለሰብ ካልሆነ ምንድን ነው አለ። ችግረኛ የሚባለው ማኅበር ነው ወይ? ዐይን የሚጠፋው ለድርጅት ነው ወይ? ይህን ሲናገር እውነት ነበረው፤ ከኋላው ያሉትም አዎ አዎ አሉት። ሕጉም ራሱን መከላከል ይችላል፤ እህት ሁሉ በወንድሟ ምስክርነት ችግረኛ ትሁን ቢባል በአገሪቱ ደኅና የሚኖር እህት አይገኝም ነበር። ብርቅዬ ግን ክርክሩ ውስጥ አልገባችም።

«ጋሼ፣ እኔም እናቴን እረዳለሁ» አለችው። «ማን ቀነሰልኝ?»

እሷም አዘነችለት መሰል፣ ፈቃድ ላለው ድርጅት የሰጡት ነገር የለም ወይ ብላ ጠየቀችው። የባምላኩ ፊት እንደ አዲስ ሲንክ አበራ። አለ እንጂ! በግንቦት ሚስቱ ዘመነች ወትውታው ቤቴል አካባቢ ላለ የአረጋውያን መርጃ ሰማንያ ሺህ ብር ሰጥቷል፤ ደረሰኙ እቤት አለ። እዚያው ሆኖ ደወለ፣ ዘመነች ፈልጋ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ላከች። ሕጋዊ ደረሰኝ ነው፣ ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው። ብርቅዬ ስልኩን ተቀብላ በጣቶቿ አሰፋችው።

«ኃይለ ሚካኤል ማን ናቸው?»

«እኔ ነኛ።»

«መታወቂያዎ ባምላኩ ነው የሚለው።»

የክርስትና ስሙ ነው። ለአረጋውያኑ ሲሰጥ ስምዎን ሲሉት ለጸሎት እንዲመች የክርስትና ስሙን አስጻፈ፤ ማን ነው በመታወቂያ ስሙ ምጽዋት የሚሰጥ? ሰማይ ቤት ባምላኩ የሚባል ሰው አይታወቅም፣ የሚታወቀው ኃይለ ሚካኤል ነው፤ ግብር ከፋዩ ደግሞ ባምላኩ ነው፣ ኃይለ ሚካኤል የሚባል ነጋዴ የለም። ለሁለት መንግሥት ሁለት ስም ይዞ በሰላም ሲኖር ቆይቶ ዛሬ ሁለቱ መንግሥታት በአንድ ደረሰኝ ላይ ተገናኙበት። ሰልፉ ሳቀ። አንዱ ሰውዬ ግን አልሳቀም፤ ከኪሱ ደረሰኝ አውጥቶ ስሙን ካየ በኋላ ቀስ ብሎ ከሰልፉ ወጣ።

መፍትሔው በስልክ ተገኘ። የመርጃ ድርጅቱ ገንዘብ ያዥ ኃይለ ሚካኤልና ባምላኩ አንድ ሰው መሆናቸውን እድርዎ በማኅተም ከጻፈልን ደረሰኙን ዛሬውኑ እናስተካክላለን አለችው። እድር የአባላቱን የክርስትና ስም መዝግቦ ይይዛል፤ ፍትሐት ሲደርስ ቄሱ የሚጠሩት በዚያ ስም ነውና። ባምላኩም ዓለም ባንክ ቤት ቢሠራም ከድሮው እድር አልወጣም፤ የአዲሱ ሰፈር እድር መግቢያ ውድ ነበር። ወደ ማኑሄ ተመለሱ። በመንገድ ላይ ክንዳቸውን አልደገፈም፤ የችግረኝነቱን ደብዳቤ ግን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለከርሞ ሕጉ ሊሻሻል ይችላል አለ፣ ወረቀት አይጣልም።

ማኑሄ መዝገቡን አይቶ ኃይለ ሚካኤል ሲል አገኘው። ማኅተም ብቻ ቀረ። ባምላኩ ሰዓቱን አየ፣ ድርጅቱ ሊዘጋ ነው፤ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ግን በመጋዘኑ በር ላይ ቁልፉን በመዳፋቸው ይዘው ቆመዋል።

«ክፈቺያ እትዬ።»

«ማን ነው ችግረኛው?» አሉ።

አጸደ ከበርበሬዋ መለስ ብላ ቆመች። አንድ ሚኒባስ ረዳት አየር ጤና አየር ጤና እያለ አለፈ። ባምላኩ ወደ ማኑሄ አየ፤ ማኑሄ ምንም ያልሆነ ጎማ ላይ ጎንበስ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ባምላኩ።

«ለግለሰብ የተሰጠ አይቀነስልኝም» አሉ፤ «ቢሆንም ልርዳህ። መጀመሪያ ያቺን ወረቀት አምጣ። ማኑሄ፣ ያንተንም ቅጂ።»

ደብዳቤው ከደረት ኪሱ ሲወጣ ትንሽ ያቅማማ ነበር፣ ቢሆንም ወጣ። ሁለቱን ወረቀቶች ወይዘሮ ወለተጻድቅ በአጸደ ፊት፣ ሳይቸኩሉ፣ ለአራት ለአራት ቀደዷቸውና ማኑሄ ጎማ የሚነክርበት ውኃ ውስጥ ጨመሯቸው። ከዚያ መጋዘኑን ከፈቱ፤ የድስቶቹን ክዳን በዐይናቸው አንድ በአንድ አዩ፣ ሁሉም አለ።

ማኑሄ ከብረት ሣጥኑ ውስጥ አንድ ጥራዝ አወጣ። የክርስትና ስም የሚል ባዶ ቦታ ያለው ደብዳቤ ይሄ ብቻ ነው አለ፤ የቀድሞው ጸሐፊ አሳትሞት የሄደ ነው። ማኑሄ ፕሮቴስታንት ነው፤ ሁለት ስም መያዝን ከጎረቤቶቹ ብዙ ጣጣ እንደ አንዱ ተቀብሎታል እንጂ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ጎማ ባጠቆረው ጣቱ ባዶ ቦታዎቹን ሞላ፤ የታተመውን ግን ማን ያነባል? ባምላኩ በስልክ ለሉሲ አበቃ፣ ተሳካ እያለ ነበር። ወረቀቱ ለማኅተም ወደ ወይዘሮ ወለተጻድቅ መጣ። እንዲህ ይላል፦ «የእድራችን አባል የነበሩት አቶ ባምላኩ፣ የክርስትና ስማቸው ኃይለ ሚካኤል፣ ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩ ስለሆነ ጸሎተ ፍትሐታቸው በዚሁ ስም እንዲደርስላቸው እናሳስባለን። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።»

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከላይ እስከ ታች በዐይናቸው ሄዱበት። ማኅተሙን ቀለም አስነከሩ፣ አሰማምረው መቱት፣ አጠፉትና ሰጡት።

«ስሜ ትክክል ነው?» አለ ባምላኩ፣ አንድ እግሩ ቪትዟ ውስጥ።

«ሁለቱም ትክክል ነው።»

«አንብበሽዋል አይደል? ድምፅሽን አልሰማሁም።»

«በልብሽ አንብቢ አላልከኝም?» አሉና የመጋዘኑን በር ቆለፉ።